ድቤውን ለመቅዳት የትኛውን ማይክ እንግዛ?



በመውሊድ ሰሞን በየስልካችን የሚመጡትን የመንዙማ ቅጂዎች ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ድቤው ሲመታ የመሪው ድምፅ ይሰምጣል፤ ድቤው ጋብ ሲል ተመልሶ ብቅ ይላል። ጥፋቱ የመሪውም የድቤ መቺውም አይደለም። ስልክ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ራሱ ይቀንሳል፤ ዝግ ሲል ራሱ ይጨምራል። ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለድቤ ግን አይሆንም።

እኛ ደብረ ኤልያስ ያለን ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ አይደለም። መንዙማውን ከነድቤ አመታቱ የሚያውቁ አባቶቻችን ደግሞ ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን «አዋጥተን ኮንደንሰር ማይክ እንግዛና እንቅዳቸው» ሲሉ ደስ አለን። ነገር ግን የተዋጣ ገንዘብ አማና ነው። ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ጠየቅን፤ ተውሰንም ሞከርን። የደረስንበት ነገር በየከተማው ላላችሁ ጀመዓዎች ይጠቅም ይሆናል ብለን እንጽፋለን።

በድቤ ጉዳይ ዑለሞቻችን የተለያየ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። ወደዚያ ክርክር አንገባም፤ ለእሱ ሸኾቻችሁን ጠይቁ። የእኛ ጽሑፍ ድቤ የሚመታበት ጀመዓ እንዴት ይቀዳ ለሚለው ብቻ ነው።

መቅዳቱ ለምን አስፈለገ? የወሎ መሻይኾች፣ እነ ዳና፣ እነ ጫሌ፣ እነ ጀማ ንጉሥ የተውልን መንዙማ ግጥሙ በቃልም በዐጀም ጽሑፍም ተጠብቆ ደርሶናል። ግጥም በደብተር ይጻፋል። ድቤው የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚፈጥን፣ ተቀባዩ ከመነሣቱ በፊት መቺው እንዴት እንደሚጠራው ግን በደብተር አይጻፍም። ያ ያለው በእጃቸው ላይ ነው። እጁ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በኮምፒውተር የተሠራ ምት ከሥሩ ብንቀጥልበትም ያንን አይተካም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። በብዙ መስጂዶች ለአዛን የምንይዘው ማይክ ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ውስጡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ቢወድቅም ቶሎ አይበላሽም። በደንብ የሚሰማው ግን ቀረብ ሲሉት ነው። ኮንደንሰር ደግሞ ከብረት ሳህን ፊት ለፊት የተወጠረ በጣም ስስ ሽፋን አለው። ጣት የቆዳውን ጠርዝ ስትነካና መዳፍ መሃሉን ሲመታ ያለውን ልዩነት የሚለየው በዚያ ስስነት ነው። ይህን ማይክ ዌንቴ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1916 እ.ኤ.አ. ሠራው። ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1962 እ.ኤ.አ. ጄምስ ዌስት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊና ጌርሃርድ ሴስለር የተባለ ጀርመናዊ የኤሌክትሪክ ሙሌቱን ራሱ ይዞ የሚቆይ ሽፋን ሠሩ። እንደ እኛ ያለ አቅም የሌለው ሰው ኮንደንሰር መመኘት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስትገዙ አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ 48 ቮልቱ ከየት ይመጣል? የስቱዲዮ ኮንደንሰር ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ኃይሉ በራሱ በማይኩ ገመድ በኩል ከሚክሰር ወይም ከሳውንድ ካርድ ይመጣል፤ ፋንተም ይሉታል። የመስጂዳችሁ ሚክሰር ላይ 48 የሚል ቁልፍ ካለ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚታየው ቢኤም 800 ሲያዩት ግርማ ሞገስ አለው። ነገር ግን አብሮት በሚመጣው ቀጭን ገመድ ስልክ ላይ ብትሰኩት 48 ቮልት አያገኝም፤ ድምፁ ይደክማል፤ ሹሹታው ይበዛል። ስለዚህ የማይኩን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ገመድና ስታንድ አንድ ላይ ይደመሩ።

ሁለተኛ፦ ምን ያህል ኃይለኛ ድምፅ ይችላል? ወረቀቱ ላይ በዴሲቤል ተጽፏል። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 እስከ 144 ዴሲቤል ይችላል፤ የራሱ ሹሹታ ደግሞ 20 ዴሲቤል ነው። ሮድ ኤንቲ 1ኤ ሹሹታው 5 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ የሚችለው ግን 137 ነው። ብዙ ሰው ዝምተኛውን ማይክ ይመርጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በለሆሳስ ለሚነበብ ነገር እውነት ነው፤ ያስፈልጋል። ድቤና ጀመዓ ባለበት ግን ያንን ሹሹታ ማን ይሰማዋል? ለማትሰሙት ጥራት የጀመዓ ገንዘብ መክፈል ኢስራፍ ነው።

ሦስተኛ፦ ትልቅ ወይስ ትንሽ? ቀጫጭኖቹ፣ እንደ እስክሪብቶ ወፈር ያሉት ኮንደንሰሮች የምቱን መነሻ ፈጥነው ይይዛሉ፤ ከጎን የሚመጣውንም ድምፅ ብዙ አያዛቡም። ክብ ሠርቶ ለሚቀመጥ ሐድራ የሚመቹት እነሱ ናቸው። ቤሪንገር ሲ-2 እና ሳምሰን ሲ02 ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሸጣሉ፤ ከርካሾቹ ወገን ናቸው። ከፍ ሲል ሮድ ኤም 5 አለ፤ እሱም ጥንድ ነው። ሁለቱን ለመሰካት ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ቤሪንገር ዩኤም 2 አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ዩኤምሲ 202 ሁለት አለው።

አራተኛ፦ መብራት ሲጠፋስ? የኛን አገር መብራት ታውቁታላችሁ። ሚክሰርም ኮምፒውተርም ለሌለው ጀመዓ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቅጃ ይሻላል። ዙም ኤች 1ኤን የራሱ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ አለው፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፤ እስከ 120 ዴሲቤል ይችላል። ይህ ለድቤ የሚበቃው ራቅ ተደርጎ ሲቀመጥ ነው።

ዋጋ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። መርካቶ ሰው ካላችሁ በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ያስጠይቁ። ሰክቶ ማሰማት የማይፈቅድ ነጋዴ ካጋጠማችሁ አልፋችሁ ሂዱ።

ከማይኩ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን ቦታው ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ተምረውባታል። ከበሮ እዚህ ለማንም እንግዳ አይደለም። መዝሙር የሚቀዳ ክርስቲያን ጎረቤታችን ጥንድ ማይኩን ሲያውሰን «ከበሮ አፉ ላይ ማይክ አይደቀንበትም» አለን። እኛ መጀመሪያ ከድቤው አንድ ስንዝር ላይ አስቀመጥነው፤ የሰማነው ጉም ጉም ብቻ ነው፤ ጀመዓው የለም። ከዚያ ሁለቱንም ማይኮች አንድ ቦታ ጎን ለጎን አቁመን፣ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ አዙረን፣ ሁለት ሜትር ያህል አራቅናቸው። መሪውን ወደ ማይኩ አቀረብነው፤ ድቤ መቺውን ከተቀባዮቹ ኋላ አስቀመጥነው። ያኔ መሪው፣ ተቀባዩ፣ ጭብጨባውና ድቤው በየቦታቸው ተሰሙ። ባዶ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድምፁ ይንጫጫል፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት የጭቃ ቤት ግን ስቱዲዮ ሆነልን። የድምፁን መጠን ደግሞ ትልቁ ምት ቀዩ ምልክት ጋ እንዳይደርስ ዝቅ አድርጉ። ዝግ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይደረጋል፤ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።

እኛ ኢንሻአላህ የምንገዛው ርካሹን ቀጭን ጥንድና ባለ ሁለት መግቢያውን ሳውንድ ካርድ ነው። ከተረፈ ምንጣፍ እንጨምራለን። ገንዘብ እስኪሟላም ዝም ብለን አንቀመጥም፤ በተውሶ ማይክ የመጀመሪያውን አዛውንት እንቀዳለን። ዕቃ ይጠብቃል፤ አጀል ግን አይጠብቅም።

አንድ አደራ አለን። ሳታስፈቅዱ አትቅዱ። ኢዝን ጠይቁ፤ ከቀዳችሁም በኋላ መጀመሪያ ለራሳቸው አሰሙ። እሳቸው ያልወደዱትን አታሰራጩ። የቀዳችሁትን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፋይሉ ላይም ቀኑን፣ ቦታውንና የመቺውን ስም ጻፉ።

አላህ አባቶቻችንን በጤናና በዕድሜ ያቆይልን። ወሏሁ አዕለም።