«ደህና ነኝ» ለሚሉት ልጆች

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። «እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?» እንባባላለን። መልሱም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ሲገባም ይህንኑ ሰላምታ ይዞ ዞረ እንጂ አልለወጠውም። ስንቱ ወጣት ነው ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ፣ ጠዋት እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ እማዬ» የሚለው!

ክፍለ አገር ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረች የእህቴ ልጅ አለች። ስንደውልላት ሳቅ በሳቅ ነበረች። ሌሊት ላይ ግን ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ይገባል። «ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሁለት ሳምንቴ ነው።» በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ምግብ አልበላ አለኝ፣ የማነበውም አይገባኝም። ምን ሆኜ ነው?» ፊት ለፊት ብንቀመጥ ይህ ቃል ከአፏ አይወጣም። መልእክት የሚያፍሩት ዓይን የለበትማ! በኋላ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። እናቷም ጸበሉን አልተወችም፤ ሁለቱ አልተጣሉም። ዛሬ ተመርቃ ሥራ ይዛለች።

ስልክ የሐፍረት መሸሸጊያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኤድስ በሹክሹክታ በሚነሳበት ዘመን፣ ስሙን ሳይናገር 952 ላይ በነጻ ደውሎ የጨነቀውን የሚጠይቅ ወጣት ነበር። ለአእምሮ ጤናስ? ከአእምሮ ሕመሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰው 25 ዓመት ሳይሞላው ነው የሚጀምሩት። ይኸ እኮ ስልክ ከእጅ የማይለይበት ዕድሜ ነው።

ቸግሮ የሚቸግረው ቃሉ ነው። ለዚህ ሕመም አፋችን ላይ ያለው «አበደ» ወይም «ለየለት» ነው። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል እንኳን ስሙ መሰዳደቢያ ሆኖ ቀርቷል። ታዲያ ልጁ ስልክ ላይ «የአእምሮ ሕመም ምልክቶች» የሚል መልእክት ቢገባ፣ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ያጠፋዋል። «ሐሳብ በዝቶብሃል? እንቅልፍ አጥተሃል? ከጓደኞችህ መሸሽ ጀምረሃል?» ቢለው ግን ራሱን ያገኝበታል።

በዚህ ረገድ ዚምባብዌዎች ብልሆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ በጀመሩት ሥራ፣ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ። ሕመሙንም በሐኪም ቋንቋ አይጠሩትም፤ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል። በሾና ቋንቋ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛም እኮ ቃሉ አለን! ስልኩም አለ።

የቀረው የሚያነሳው ሰው ነው። መልእክቱ ልጁን ቀስቅሶ ሜዳ ላይ ከጣለው ባይላክ ይሻላል። የሚደወልበት ቁጥርና የሚኬድበት ጤና ጣቢያ አብሮ ሊነገረው ይገባል። እንደምንም ጨክኖ ደውሎ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» ከተባለ፣ ሁለተኛ አይደውልማ!

እስከዚያው እኛስ? ዛሬ ማታ ልጅዎ ዘንድ ሲደውሉ «ደህና ነኝ» ስላለ ስልኩን ቶሎ አይዝጉት። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ብለው ይጨምሩና ትንሽ ዝም ይበሉ። ወዲያው ባይመልስ እንኳን፣ ሌሊት ላይ ሊጽፍልዎት ይችላል።