የማይከራየው ክፍል

«ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን፤ አሳድሩን!»

ልጅ ሆኜ ስንት ሌሊት በዚህ ድምፅ እንደነቃሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ጉምና ውርጭ፣ ጓሳና ጅብራ ነው። ጮቄ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሱሃን ጨምሮ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች የሚነሱት ከእሱ ነው። ከቢቡኝ በኩል ተነስቶ ተራራውን በእግሩ የሚያቋርጥ ነጋዴ ሳይጨልምበት ከእኛ ደጅ ከደረሰ «ተመስገን» ብሎ ይገባል። ገበያው ሮብ ስለሆነ ማክሰኞ ማታ ቤቱ ጢም ይላል።

ለዚያ ድምፅ የአያቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ።» ማን ነህ፣ ከወዴት ነህ የሚባለው መንገደኛው እግሩን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ቆሎ ቀርቦለት፣ ምድጃ ዳር ከተቀመጠ በኋላ ነው። መደቡ ለእንግዳ ይለቀቃል፤ ጀንዲው ይነጠፋል። እኛ ልጆች አጎዛችንን ይዘን ከጥጆቹ አጠገብ እንተኛለን።

ይህን ወደ ንግድ የለወጠችው እናቴ ናት። አባቴ ሲሞት አራት ልጆች ነበርን፤ እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ጎታው ባዶ ቀረ፤ እንግዳው ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ማክሰኞ ማታ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ለአዳር ስሙኒ ነው» አለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይሰማኛል። አያቴ ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳምንቱን ሙሉ እናቴን አላናገረቻትም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እንግዶቹ ሲገቡ እንደ ወትሮዋ ሙቅ ውሃውን ይዛ ብቅ አለች። ወደ እናቴም ዞር ብላ «መደብሽን ሽጪ፤ እግር ማጠቡ ግን አይሸጥም» አለቻት። የቤታችን ሕግ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ይኸው ነው። አዳሩ ዋጋ አለው፤ ሙቅ ውሃውና የመጀመሪያው ቡና ዋጋ የላቸውም።

እናቴን ሰው አማት። «አልጋ ቤት ከፈተች» ተባለ። ይህ ቃል ባሏ በሞተባት ሴት ላይ ምን እንደሚያስከትል የአገራችንን ወግ የምታውቁ ትረዱታላችሁ። እሷ መልስ ሳትሰጥ ሥራዋን ያዘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣራውን ቆርቆሮ አለበሰችው። ቀጥላም ሁለት ክፍል ጨመረች፤ የሽቦ አልጋም ከደብረ ማርቆስ በአጋሰስ አስመጣች።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ሐሜቱ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ዋዜማ ማታ አሥራ አራት ሰው ገባብን። ፋኖሳችን አንድ ናት፤ እሷም እንግዶቹ ፊት ተቀመጠች። ደብተሬን ይዤ ምድጃ ዳር ብጠጋ አንዱ ነጋዴ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። «እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ ወይስ ገረድ?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩ። እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳች፤ መልሳም አወረደችው። ፋኖሷን ከእንግዶቹ ፊት አንስታ አመጣችልኝ፤ ለእነሱ ኩራዝ ለኮሰችላቸው።

ፈተናውን አለፍኩ። በዚያው ዓመት እናቴ ከጓዳው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አሠራች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኩራዝ ያላት። «ይቺ የልጆች ናት፤ አትከራይም» አለች። ቤቱ ሞልቶ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም እንኳ ያችን ክፍል ከፍታ አታውቅም። የራሷን አልጋ ሰጥታ ምድጃ ዳር ትተኛ ነበር።

እናቴ በ1984 ዓ.ም. ስታርፍ ወንድሞቼ በየፊናቸው ሄደው ስለነበር ቤቱን እኔ ተረከብኩ። የንግድ ፈቃድ አወጣሁ፤ ክፍሎች ጨመርኩ። ዘጠኝና አምስት ዓመት የሆናቸው ወንዱና ሴቷ ልጆቼ ያችን ጠባብ ክፍል ያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመንገድ ሥራ ሠራተኞች መጡና ያለኝን ክፍል ሁሉ ለስድስት ወር ጠየቁኝ። ክፍያውንም አስቀድመው ሊሰጡኝ ተስማሙ። «ለስድስት ወር ብቻ» ብዬ የልጆቼን አልጋ ወደ ዕቃ ቤቱ አዞርኩት። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሌላ ተከራይ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ክፍሏ ለልጆቼ ሳትመለስ ቀረች። በኪራዩ ደብተርና ዩኒፎርም እገዛላቸው ስለነበር ትክክል የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሦስት ቀን አረፈብን። ያን ጊዜ ዓባይ በረሃ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ አዲሱ ድልድይ እየተሠራ ነበር፤ ካጂማ የተባለው ኩባንያ ሠርቶት በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ማለት ነው። ሰውየው ዕረፍት አግኝቶ ጮቄን ለመውጣት ነበር የመጣው። ሙቅ ውሃውን ሳቀርብለት ፈገግ አለና በአስተርጓሚው በኩል ስለ አገሩ አጫወተኝ።

በጃፓን ተራሮች ላይም ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተቀባበለ የሚያስተዳድራቸው የተጓዥ ማረፊያዎች አሉ። «ያማጎያ» ይሏቸዋል፤ የተራራ ጎጆ እንደ ማለት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1906 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል። ስሙ የገነነው ፉጂ ተራራ 3,776 ሜትር ነውና ከእኛው ጮቄ ያንሳል። እዚያ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የሚከፈቱት በእኛ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ነው። እንግዶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይተኛሉ፤ ከጫፉ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየትም በሌሊት ይነሳሉ። ሩዙንና ዕቃውን ድሮ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው ነበር፤ ዛሬ በብዙ ተራሮች ላይ ሄሊኮፕተር ያደርሰዋል።

«ወላጆቹ ተራራ ላይ ሲከርሙ ልጆቹስ የት ይሆናሉ?» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ ከአያቶቻቸው ጋር» አለኝ። ትንሽ ቆየት ብሎም «ለዚህ ይሆናል አንዳንዶቹ ሲያድጉ ተራራውን የማይፈልጉት» አለ።

ሰማሁት፤ ስለ እኔ ቤት የሚያወራ ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ዘመን መጣ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እያደገ ሲሄድ ጮቄን የሚያጠኑ መምህራንና ተማሪዎች ደንበኞቻችን ሆኑ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ሲመርጥ እኔም እንግዳ ይበዛል ብዬ አዳዲስ አንሶላ ገዛሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በክልላችን ግጭቱ በረታ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋ ጀመር። አንሶላዎቹ እንደታጠፉ ተቀመጡ።

ጉልበቴም እየከዳኝ ነውና ልጆቼን በስልክ «ይህን ቤት ማን ይረከበኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዲስ አበባ ያለው ወንዱ «እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ» አለኝ። ሴቷ ውጭ አገር ነው የምትኖረው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እማዬ፣ እኔ እኮ በዚያ ቤት እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ ደግሞ አድሮ ይሄዳል» አለችኝ።

ስትናገር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ በሰው ፊት ጮኬ ፋኖስ አገኘሁ፤ ልጄ ሳትጮኽ አደገች፤ ዝም ስላለች ደህና የሆነች መሰለኝ። እናቴ ከእኔ የበለጠ ድሃ ሆና ያልነካችውን ክፍል እኔ አከራየሁት።

ብዙዎቻችሁ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ይኖራችኋል። «ለልጆቼ ብዬ ነው» እያልን እንለፋለን፤ እውነትም ለእነሱ ነው። ነገር ግን ልጅ ንግዱን የሚያውቀው ባስገኘለት ብቻ አይደለም፤ በወሰደበትም ያውቀዋል። ውርሱን ይቀበሉ እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት በዚያ ቤት ውስጥ የእነሱ ቦታ የቱ ጋ እንደነበር ራሳችንን ብንጠይቅ መልሳቸው አያስደነግጠንም።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን አንድ ነገር አደረግሁ። ከጓዳው ጀርባ ያለችውን ክፍል ከተከራይ ዕቃ አጸዳሁ፤ ግድግዳዋን ቀለም አስቀባሁ፤ ያልተነካውን አዲስ አንሶላ አነጠፍኩባት። በስልክ ፎቶ አስነስቼ ለሴት ልጄ ላክሁላት። «ጠረጴዛው የአያቴ ነው?» ብላ ጻፈች። «አዎ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

መንገዱ ፋታ ሲሰጥ ወንዱ ልጄ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። ሦስት ቀን ሲያድሩ ልጆቹ ያችን ክፍል ያዙ፤ ስለሚበርዳቸው ጋቢ ደረብኩላቸው። በሁለተኛው ማታ ሁለት መንገደኞች መጡና «አልጋ አለ?» አሉ። ሙቅ ውሃውን ሳሞቅ ትንሹ የልጅ ልጄ ጆጉን ለመያዝ ተሽቀዳደመ። እንግዶቹ ከታጠቡ በኋላ ሌላ ክፍል ሰጠኋቸው።

ሲሄዱ ልጄ ያችን ክፍል ቁልፍ ተቀብሎኝ ወጣ፤ «ማርቆስ ላይ አስቀርጬ እልክልሻለሁ» አለኝ። የቤቱን ቁልፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም ልስጥህ አላልኩትም። ቁልፉ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ቅጂው እሱ ጋ ነው።