በቆሎ ያከሳል?

ነሐሴ ሲገባ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር በከሰል ላይ በሚጠበስ የበቆሎ እሸት ይታወዳል። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ «በቆሎ ያከሳል» የሚል ወሬ ሰምታ ምሳዋን በሁለት እሸት ተካች። ስኳር ስላለባት ክብደት እንድትቀንስ ሐኪም አዟታል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የቁንጅና ብቻ አይደለም። ወሬውን ማጣራት የእኔ ሥራ ሆነ።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ130 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን እስከ 24 ዓመት ተከታትለው በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናት አውጥተው ነበር። ፍራፍሬና ስታርች የሌለባቸውን አትክልቶች አዘውትረው መብላት የጀመሩት ክብደታቸው የመቀነስ አዝማሚያ አሳየ። እንደ በቆሎና ድንች ያሉትን ያበዙት ግን የመጨመር አዝማሚያ ታየባቸው። በቆሎ በራሱ አያከሳም ማለት ነው።

ታዲያ እንተወው? አይደለም። በእንጀራና በዳቦ ላይ ተጨምሮ ሳይሆን በእነሱ ፋንታ ከተበላ ደግ ምግብ ነው። ከነገለፈቱ ሲበላ ፋይበር ስላለው ያጠግባል፤ ተፈትጎ ሲፈጭ ብዙውን ያጣዋል። ፈንድሻም ያለ ዘይትና ስኳር ከተዘጋጀ አንድ ኩባያው 30 ካሎሪ ገደማ ነው። ለቡና ቁርስ ስኳር ተነስንሶበት የሚቀርበው ግን ሌላ ነገር ነው።

የበቆሎ ፕሮቲንም ጉድለት አለው። ሰውነታችን ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን ያንሱታል። ላይሲን ደግሞ በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ሞልቷል።

ይህን ሳነብ የእናታችን የንፍሮ ድስት ትዝ አለኝ። ያደገችው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። የድሮ ሰዎች በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉታል፤ ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እህል ነውና። እናታችን ግን ብቻውን ቀቅላው አታውቅም። ባቄላና ሽምብራ ካልገባበት «ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም» ትላለች። ላይሲን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ ድስቷ ግን ያውቀዋል።

አሁን እህቴ ምሳዋን አስተካክላለች፦ በእንጀራው ፋንታ አንድ እሸት፣ ከጎኑ የባቄላ ንፍሮና ጎመን። መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ከምግብ በኋላም ስኳሯን ትለካለች። በቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ እሸቱን ከመጨመራችሁ በፊት ከማዕዱ ምን እንደምትቀንሱ ሐኪሙን ጠይቁ።