ማሊያና ማተብ

ስሙን ለክፍለ ከተማ ባዋሰው የሐዋሳ መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ የኋላ መስታወቱ ላይ የአርሴናልን መድፍና የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ጎን ለጎን ለጥፎ ቢቆም ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ቀጥሎ የተሰለፈው «ማሻአላህ» ይላል፣ ከሱ ኋላ ያለው «ኢየሱስ ጌታ ነው»። ረዳቶቹ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» እያሉ በተሳፋሪ ይጣላሉ እንጂ በጽሑፍ አይጣሉም። ያው ስቲከር ከመስታወቱ ተነሥቶ የሐዋሳ ከተማ ተጫዋች ደረት ላይ ቢያርፍ ግን ዳኛው ሜዳ አያስገባውም። ለምን ሲባል የኳስ ወዳጅ ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ «ካካ ነው ያስከለከለው»።

ነገሩ ያን ያህል ቀጥተኛ አይደለም። ብራዚላዊው ካካ እ.ኤ.አ. በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲረታ «የኢየሱስ ነኝ» የሚል ካናቴራ ማሳየቱ እውነት ነው። በ2009 ጆሃንስበርግ ላይ አሜሪካን 3 ለ 2 ያሸነፉት ብራዚላውያን ሜዳ መሐል ክብ ሠርተው ሲጸልዩ የዴንማርክ ፌዴሬሽን ቅር መሰኘቱም እንዲሁ። ከማሊያ ሥር የሚገለጥ ጽሑፍ በሙሉ የተዘጋው ግን በማርች 2014 ዙሪክ ላይ ነው። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ቦርድ፣ ኢፋብ፣ በዚያው ስብሰባ ሂጃብንና ጥምጣምን ፈቀደ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የኢራን ሴቶች በፀጉር መሸፈኛቸው ምክንያት አማን ላይ ከኦሊምፒክ ማጣሪያ ውጭ ሆነው ነበር። በ2023 ደግሞ ሞሮኳዊቷ ኑሃይላ ቤንዚና በሂጃብ የዓለም ዋንጫ ተጫወተች። እንግዲህ የቦርዱ ጠብ ከሃይማኖት ጋር ነው ማለት አይቻልም። አማኝ ለራሱ የሚለብሰውንና ለተመልካች የሚያስነብበውን ለይቷል፤ ልዩነቱም ለእኔ ትክክል ነው።

«ፈረሰኞቹስ?» የሚል አይጠፋም። ፈረሰኞቹ የሚባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የሰማዕት ስም ይዞ በየሳምንቱ ይጫወታል። የጨዋታው ሕግ አንቀጽ 4 የክለብን ዓርማ ስለሚፈቅድ የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ የእኔ ግን ይረዝማል። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ስሙ ከሰማዕቱ ነው የመጣው የሚል አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ የግሪክ ተወላጁ ጆርጅ ዱካስ ስለሆነ ከሱ ነው የሚልም አይታጣ ይሆናል። እኔ የምቆመው ከሰፈሩ ጋር ነው፦ የአራዳ ልጆች የአራዳ ጊዮርጊስን ስም ያዙ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ስሙን አስለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው ይባላል። ሰማዕቱን አውርዶ የፋሽስት ምልክት ሲሰቅል እንኳ ሰፈርን መንካት አልሆነለትም። ዛሬም ሙስሊሙም ጴንጤውም «ሳንጆርጅ» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጨፍራል፤ በዚህ የተነሣ ሃይማኖቱን የለወጠ ደጋፊ አልተሰማም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ተመልካችን መስበክ ነውር ከሆነ ውርርድ መስበክስ? በ2013 ዓ.ም. የእኛው ፕሪሚየር ሊግ ራሱ የሚጠራው በስፖርት ውርርድ ድርጅት፣ በቤትኪንግ ስም ነበር። ፍሬደሪክ ካኑቴ እ.ኤ.አ. በ2006 በሴቪያ ማሊያ ላይ የነበረውን የቁማር ማስታወቂያ በእስልምናው ምክንያት ሸፍኖ ተጫውቷል። እዚህ ላይ «ለራስ መልበስና ለሰው ማስነበብ» ያልኩት መከራከሪያ ብቻውን አያዛልቅም። የተጫዋቹ ደረት የተጫዋቹ አይደለም፤ የሚናገርበት የከፈለበት ነው። እግዜር ደግሞ ስፖንሰር ሆኖ አያውቅም።

ማተብ ግን ለማንም አይነበብም፣ ማሊያ ሥር ይውላል። በዚህ ሚዛን ከሂጃቡ ጎን መቆም ነበረበት። የሚጥለው የሃይማኖት ሐረግ ሳይሆን የጌጣጌጥ ክልከላው ነው፦ ሐብል፣ ቀለበት፣ የቆዳና የጎማ ማሰሪያ ሳይቀር ይወልቃል፣ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም። ምክንያቱ ጉዳት እንዳይደርስ ነው፤ ይገባኛል፣ የተቀናቃኝ ጣት አንገት ላይ ያለ ገመድ ሊይዝ ይችላል። ሂጃብም የታለፈው ከማሊያው ሳይያያዝና ለማንም አደጋ ሳይሆን እንዲለበስ ተብሎ ነው። ሲጎተት ወዲያው ለሚበጠስ ስስ ክር ተመሳሳይ ቅድመ ሁኔታ ማውጣት ምን እንደሚከብድ፣ ሕጉን የሚያረቁት ሰዎች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።