«በዘር ነው» ስንል ምን ይሰማል?

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ ውድድር ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ተማሪው የዓመታት ምርምሩን በሦስት ደቂቃና በአንድ ስላይድ፣ ሙያው ላልሆነ አድማጭ ያስረዳል። ልምምዱ መልካም ነው። የሚያሰጋኝ ነገሩን የአንደበት ጉዳይ ማስመሰሉ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ከንግግር በፊት ሊማሩት የሚገባ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እሱም አድማጩ ቃሉን በምን ትርጉም እንደሚቀበለው ማወቅ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስን እንውሰድ። ብዙ ሰው ከዝሆኔ ለይቶ አያየውም። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። በወላይታ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በዘረመላቸው ምክንያት ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳየ። ይህን ግኝት አሳጥረን «በዘር ነው» ብንለውስ? «ዘር» የትዳር ጥያቄ የሚነሳበት ቃል ነው። ሰሚው ከዚያ ቤት ልጅ መዳር እንደሌለበት ይረዳል፤ ታማሚው ደግሞ ጫማው ከንቱ መሆኑን። ቤተ ሙከራ ውስጥ እውነት የነበረው ዓረፍተ ነገር መንደር ሲደርስ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። መባል የነበረበት ይህ ነው፦ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ ግን በሽታውን መከላከል ይቻላል፤ ስለዚህ ታማሚ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ ከማንም አስቀድሞ ጫማ ያስፈልገዋል።

ማቅለል ሳይንስን ያጎድላል የሚሉ አሉ። እዚህ ግን የጎደለው አጭሩ አባባል ነው፤ ለመንደሩ የሚመጥነው ማብራሪያ ረዘመ፣ ይበልጥም ትክክል ሆነ። አማርኛ ቃል አያንሰውም ወይ ለሚለውም፣ «ተጋላጭነት» የሚባል ቃል አለን፤ ያስቸገረን ነባሩ ቃል ተሸክሞት የመጣው ትርጉም ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የጊዜ ነው። ተማሪው የሚመዘነው በመመረቂያ ጽሑፉና በጆርናል ኅትመቱ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ማብራሪያ በትርፍ ጊዜው ያዘጋጅ ማለት ፍትሕ አይደለም። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሥራው የመመረቂያው አካል መሆን ያለበት። ደግሞ ልምዱ እንግዳ አይደለም። መረጃ ስንሰበስብ መጠይቁን ወደ ተጠያቂዎቹ ቋንቋ እንተረጉማለን፤ ትርጉሙ እንዳይዛባም ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው አድርገን እናመሳክራለን። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለጥያቄው አድርገን ውጤቱን ግን በእንግሊዝኛ ብቻ እንተወዋለን። በወላይትኛም ሆነ በአማርኛ ሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ለአንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ለጥቂት የመንደሩ ሰዎች ይነበብ፤ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሩ፤ የተሳሳተው ይታረም። አማካሪው ፊርማውን የሚያኖረው ይህ ካለቀ በኋላ ይሁን።