ካፒቴኗን ወንድ አደረግኋት

እኔ ባደግሁበት ጊዜ ጉደር ውስጥ ቪዲዮ ቤት የወንዶች ቤት ነበር። በሩ ላይ የሚከለክል ጽሑፍ አልነበረም፤ ግን ገብታ የተገኘች ልጅ ስሟ እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል። ታናሽ እህቴ ውኃ ስትቀዳና ምጣድ ስታሟሽ እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊልም አያለሁ። ማታ ምድጃው ዳር ያየሁትን እተርክላታለሁ። «ከዚያስ?» እያለች ሳልጨርስ አታስተኛኝም።

አንድ ሰሞን «ስታር ትሬክ ቮዬጀር» የሚባል ተከታታይ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ነው። መንኮራኩሯ ሩቅ ሕዋ ውስጥ ትጠፋለች፤ በሙሉ ፍጥነት ብትበር እንኳ ምድር ለመድረስ 75 ዓመት ይፈጅባታል። አዛዧ ካፒቴን ካትሪን ጄንዌይ ናት፤ ዋና መሐንዲሷም ሴት ናት። ወጥ የሚሠራው ኒሊክስ ግን ወንድ ነው።

እኔ ለእህቴ ስተርክ ካፒቴኗን ወንድ አደረግኋት። መሐንዲሷንም እንደዚያው። ኒሊክስን ሴት አድርጌ ማጀት አስገባሁት። ማንም አላዘዘኝም። ሴት አዛዥ ናት ብል ታሪኩ ውሸት የሚሆንብኝ መሰለኝ። ከብርሃን የሚፈጥን መንኮራኩር አምኛለሁ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጥረት አምኛለሁ፤ ሴት ስታዝ ማመን ነው ያቃተኝ። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የተባለውን በትር የያዘች እናት በጠበኞች መካከል ስትገባ ጠብ እንደሚቆም እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ያንን እያወቅሁ ሕዋ ላይ ለሴት ቦታ አጣሁላት።

ዓመታት አለፉ። እህቴ አግብታ አምቦ ገባች። አንድ ቀን ያንኑ ተከታታይ ስልኳ ላይ አግኝታው ደወለችልኝ። «ካፒቴኗ እኮ ሴት ናት!» አለች። ዝም አልኩ። «እኔ ስንጫወት ሁልጊዜ ወጥ ሠሪዋን ነበር የምሆነው። ሌላ ሴት የለችም ብለኸኝ።» አልተቆጣችም፤ ቢሆንም ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ አሜሪካዊቷ ጠፈርተኛ ሜይ ጄሚሰን ሳነብ ልቤ ተነካ። ቺካጎ ያደገችው ይህች ልጅ እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ላይ ሌተናንት ኡሁራን አየች። ኡሁራን የተጫወተችው ጥቁሯ ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትለቅ ስትል እንዳትተወው የመከራት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ሕዋ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እሷ ኡሁራን በገዛ ዓይኗ ነው ያየቻት። እህቴ ግን ያየችው በእኔ አፍ ነው።

ትምህርቱ ገብቶኛል ብዬ ነበር። አምቦ እህቴ ቤት ሄጄ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረውን «ስታር ትሬክ ዲስከቨሪ» አብረን ስናይ ሐኪሙ ከልበርና ሳይንቲስቱ ስታሜትስ፣ ሁለቱም ወንዶች፣ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ አየን። ቆመው ጥርሳቸውን እየቦረሹ ያወራሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። እጄ ሪሞቱን ፈለገ። እህቴ አየችኝ። «አሁንም ልትቆርጥብኝ ነው?» አለችኝ።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ወሲባዊ ግንኙነትን እንደሚከለክል አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የሚሉትንም አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ነው። ነገር ግን ታሪኩ ውስጥ ያለን ሰው እንደሌለ አድርጎ ማለፍ ምን እንደሚያደርግ በእህቴ ላይ ሠርቼ አይቼዋለሁ። ያየችውን ራሷ ትመዝነው። ሪሞቱን አስቀመጥኩት።

አሁን የእህቴ ልጅ «ጥበብ ገርልስን» ትወዳለች። የብሩክታዊት ትጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሠራው የካርቱን ተከታታይ ነው፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። ስለ ወር አበባ እንኳ ሳያፍሩ ያወራሉ። ልጅቷ ስትጨርስ ለእኔ ትተርክልኛለች፤ ማን ምን እንዳደረገች አንድም አታዛንፍም።

ቤታችሁ ፊልም አይቶ የሚተርክ ወንድ ልጅ ካለ ትረካው አይብቃችሁ። እሱና እህቱ ውኃውን አብረው ይቅዱ፤ ፊልሙንም አብረው ይዩ።