የካዙንጉላ ድልድይ

ወንዝ ሲሞላ ምን ያህል ችግር እንደሚመጣ እናውቃለን። ገበያ ይቀራል። በሽተኛ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ይውላል። ዘመድ ከዘመዱ ጋር ማዶ ለማዶ እየተያየ መገናኘት ያቅተዋል። እስቲ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ወደ ደቡብ የአፍሪካ ክፍል እንሂድ። እዚያም በወንዝ ምክንያት ለብዙ ዘመን የተቸገሩ ሁለት አገሮች አሉ። ዛምቢያና ቦትስዋና ይባላሉ።

ወንዙ ዛምቤዚ ነው። ርዝመቱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መሻገሪያው ቦታ ካዙንጉላ ይባላል። ሁለቱ አገሮች የሚዋሰኑት እዚሁ ላይ 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንድ በኩል ናሚቢያ፣ በሌላ በኩል ዚምባብዌ ተጠግተዋቸዋል።

ዱሮ እዚያ ድልድይ አልነበረም። መኪና የሚሻገረው በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ተጭኖ ነበር። ጀልባዋ በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና አትችልም። ታዲያ ከባድ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዳንዱ ሾፌር ከሳምንት በላይ እዚያው ያድራል። ከዚህም የባሰ ደረሰ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ጀልባዋን ገለበጣት። 18 ሰዎች ሞቱ።

ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ድልድይ አሠሩ። የአፍሪካ ልማት ባንክና ጃፓን ገንዘብ አበደሩ። ሥራው በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ግንቦት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ድልድዩ የአርማታ ነው። ርዝመቱ 923 ሜትር ነው። መኪናም እግረኛም ይሄድበታል። ለባቡር ሐዲድም ቦታ ተሰጥቶታል።

ድልድዩን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሏል። ለምን? ቀጥ ቢል ኖሮ የዚምባብዌን ወሰን ይነካ ነበር። ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የጎረቤትን ወሰን ገፍቶ የተቆፈረ ቦይ ውሃ ከማምጣቱ በፊት ጠብ ያመጣል። ስለዚህ መንገዱ ዞር ብሎ ሄደ።

ነገር ግን ድልድይ ብቻውን አይበቃም። መኪናው በአምስት ደቂቃ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወረቀት ለማስመርመር ሁለት ቦታ ቢቆም ምን ይጠቅማል? ይህም ታስቦበታል። የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ አብረው ይሠራሉ። መንገደኛው የሚመረመረው በሚገባበት አገር በኩል፣ አንድ ቦታ ላይ ነው።

ሲሚንቶና ብረት በገንዘብ ይገዛሉ። ወንዝ የሚያሻግረው ግን ከዚህ በፊት የሚደረገው ስምምነት ነው።

እንወያይበት፦
1. ድልድዩ የጎበጠው ለምንድን ነው?
2. በእኛ ቀበሌ ድልድይ የሚያስፈልገው የትኛው ወንዝ ነው? በቅድሚያ መስማማት ያለባቸውስ እነማን ናቸው?